ጥርሱን የነቀልኩት ካሴት

የቪዲዮ ዴክ ሲሞቅ የራሱ ሽታ አለው። የተቃጠለ አቧራ፣ የሞቀ ላስቲክ፣ ጥቂት አልኮልም አለበት። ባለፈው ሰሞን ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ አውጥቼ፣ በጨርቅ ጠርጌ፣ ሶኬት ላይ ስሰካው ምስሉ ከመምጣቱ በፊት ያ ሽታ መጣ። ወዲያው ሐዋሳ ታቦር ተራራ ሥር ያለው ቤቴ ጠፋኝና የከተማችን ፒያሳ፣ ከሸምሱ ፀጉር ቤት ጎን፣ በዚያች ባለ አራት አግዳሚ ክፍሌ ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ። ሰው ትዝታ ይጣፍጣል ይላል። የጣፈጠው ይብላው። የኔ ሲመጣ ጥርስ ያስነክሳል።

ዴኩን ያስወጣችኝ ከቴሌቪዥን ጣቢያ የመጣች ልጅ ናት። በባጃጅ ዳገቱን ወጥታ «የቪዲዮው ሌዳሞ ቤት የቱ ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሰፈሩ በሙሉ ጠቆማት። ቪዲዮ ቤቴ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ከላዬ አልወረደም። በሩ ላይ ቆማ፣

«ጋሽ ሌዳሞ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«ነኝ። ከየት ነሽ?»

«ከቴሌቪዥን ጣቢያ ነው የመጣሁት።»

«ከዚህ በፊት አንዴ መጥታችኋል። ይበቃል።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ጫማዋን ደጅ አውልቃ ገባች። የጣቢያው ምሥረታ በዓል እየደረሰ ነው አለችኝ። የድሮ ዝግጅቶችን ሊያሳዩ ፈልገው መጋዘናቸውን ቢከፍቱ ካሴቱ ተደርድሯል፣ ውስጡ ያለው ግን ሌላ ነው።

«ያኔ ካሴት ውድ ስለነበር በድሮው ላይ አዲሱን እየቀዱበት ነው የኖሩት» አለች።

«እነማን?»

«እኛ። ማለቴ... ያኔ የነበሩት።»

«እና እኔ ምን ልሁን?»

«ከቴሌቪዥን ይቀዱ የነበሩ ሰዎችን እየፈለግን ነው። ምናልባት እርስዎ ጋ የቀረ ካለ ብለን ነው።»

ተቀመጥኩ። በልጅቷ አልፈርድም፤ ያን ጊዜ ገና ጡት አልጣለችም ይሆናል። ግን ከቴሌቪዥን ቀዳህ ብሎ በአገር ፊት ሌባ ያለኝ ጣቢያ፣ የቀዳኸው ካለ ስጠን ብሎ ሰው ላከብኝ። ሳምንት ተመለሺ ብዬ ሸኘኋት። ከዚያ ነው ዴኩን ከአልጋ ሥር የጎተትኩት።

ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት፤ ሐዋሳ የሚለውን ኋላ ነው የተማርነው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ ሐይቁ በጋሪ ሃምሳ ሳንቲም ነበር። የድሬዳዋ ዛፎቹ ሲያብቡ መንገዱ ቀይ ይሆናል፣ የፈረሶቹ እበት ላይ ሳይቀር አበባው ይረግፋል። ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ከነዳጣው በሦስት ብር ይበላል። ወንዱ ሰፊ ጂንስ ለብሶ መሬት ይጠርጋል፣ ሴቷ ሻርፕ ጣል ታደርጋለች፣ ጠና ያለ ሰው ያለ ኮት ፒያሳ አይወጣም። ዛሬ ያንን ማዕዘን ባይ አላውቀውም። ሸምሱ ፀጉር የሚያስተካክልበት ቦታ ስልክ መሸጫ ሆኗል፣ የኔ ክፍል የባንክ ማሽን የቆመበት ሆኗል። ሰው ተሰልፎ ገንዘብ ያወጣል። እዚያው ቦታ ላይ ሰው ተሰልፎ ሳቅ ይገዛ እንደነበር ለማን ትነግረዋለህ።

ዴኩን የገዛሁት ዘበኛ ሆኜ ከሠራሁበት ሆቴል ነው፤ እነሱ አዲስ ሲያመጡ አሮጌውን ለኔ ሸጡልኝ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም ነበር። አማርኛ ራሱ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው፤ ገበያ ውስጥ ነው የለቀምኩት። ግን መሣሪያ ፊደል አይጠይቅህም። ቀዩ ነጥብ ያለበትን ስትጫን ይቀዳል፣ አራት ማዕዘኑን ስትጫን ይቆማል። አንቴናዬን ከባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አስሬ ከጎረቤት ጣሪያ ሁሉ በላይ አቆምኩት። ጣቢያው አንድ ብቻ ነበር። የእሑድ ዝግጅት፣ ድራማ፣ የበዓል ዘፈን፣ ኳስ፣ ሁሉንም እቀዳለሁ። ማስታወቂያ ሲመጣ አቆማለሁ፣ ረጅም ንግግር ሲመጣ አቆማለሁ። የቀረው ጮማ ብቻ ነው። ከዚያ በሃምሳ ሳንቲም መግቢያ አሳያለሁ፣ ካሴቱን ደግሞ በሁለት ብር አከራያለሁ። ከከተማው ወጣ ካለችው ቱላ አንድ ጄኔሬተር ያለው ሰው ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ አምስት ካሴት በጆንያ ይዞ ይሄድ ነበር። መብራት ያልገባበት ሰው የእሑዱን ድራማ በሐሙስ ያያል። መምሸቱን ፈርታ ወይ ታማ ያመለጣት ሴት ሁሉ እኔ ጋ ትመጣለች። ለዚህ ነበር ራሴን እንደ ጠቃሚ ሰው የምቆጥረው። ሞኝ ነበርኩ እንዴ? እሱን አንባቢ ይፍረድ።

ካሴቶቼን የማውቀው በክር ነው። ቀይ ክር ዘፈን፣ ሰማያዊ ድራማ፣ አረንጓዴ ኳስ። ካሴቱ መቶ ሲሞላ ክር አልበቃ አለኝና ሸምሱ ጎኑ ላይ ይጽፍልኝ ጀመር። ሸምሱ ጎረቤቴ ነው፣ ፀጉር አስተካካይ፤ ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ማበጠሪያ ሰክቶ፣ ከመስታወቱ ሥር ሬዲዮኑን ከፍቶ የሚውል ሰው። ጽሕፈቱ ያምር ነበር ይላሉ፤ እኔ ያኔ ምኑን አውቄ። ዓይኔ እሱ ነበር። የመብራት ደረሰኝ ቢመጣ እሱ ጋ፣ ከቀበሌ ወረቀት ቢመጣ እሱ ጋ። ጢሜን እየላጨ ያነብልኛል።

ካሴት ጥርስ አለው። ከጀርባው በኩል ትንሽ ፕላስቲክ አለች፤ እሷ ካለች በላዩ ላይ ሌላ መቅዳት ይቻላል፣ ከሰበርካት ዴኩ እንቢ ይላል። የወደድኩትን፣ አይጥፋብኝ ያልኩትን፣ በቢላ ጫፍ ጥርሱን እነቅለው ነበር። ሐሳቤን ከቀየርኩ ቀዳዳው ላይ ፕላስተር እለጥፋለሁ። ግን የነቀልኩትን ብዙ ጊዜ አልለጥፍበትም። ሸምሱ በዚህ ይሥቅብኛል። «የካሴት ጥርስ ሐኪም» ይለኛል። «የኔንም ክራንቻ እይልኝ እስቲ፣ አመመኝ።» ጣቢያው የራሱን ካሴት ጥርስ የሚነቅል አንድ ሰው እንኳ አልነበረውም ማለት ነው። እንግዲህ ይሄንን አስቡት።

የቅጂ መብት ሕጉ ሊወጣ ሲል ወሬው በሬዲዮ ነው የጀመረው። ጠዋት ባለሙያ ይናገራል፣ ማታ ዘፋኝ ያለቅሳል። «የአእምሮ ንብረት» የሚባል ቃል ሰው አፍ ውስጥ ገባ። አዝማሪ ላቡን ተዘረፈ፣ ደራሲ ተራበ፣ ካሴት አባዢ አገር አጠፋ። ዘፋኙ ልክ ነበር፤ አሁን ሳስበው ልክ ነበር። የሱን ካሴት በሺህ እያባዙ የሚቸበችቡ ሰዎች ነበሩ፣ እነሱ ግን መኪና ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ በሬዲዮ ስማቸው ተጠርቶ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ነገሩ እኔን ይመለከታል ብዬ አላሰብኩም። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ አንገቴ ላይ ፎጣ ታስሮ፣ ከሸምሱ ጋር እንከራከራለን።

«እኔ የምቀዳው አየር ላይ የወጣውን ነው» እለዋለሁ። «ዝናብ ነው። ጣሪያዬ ላይ ለወረደ ውሃ በርሜል ብደቅን ማን ይከሰኛል?»

«ዝናቡ ባለቤት ካለውስ?»

«ባለቤቱማ እግዜር ነው።»

«እግዜር ውሃውን በሃምሳ ሳንቲም ሽጥ አላለህም» አለና አገጬን ቀና አደረገው። «ዝም በል፣ እቆርጥሃለሁ።»

እንዲህ ነበር የምናወራው። ሕጉን አንብቤ ልንገርህ አላለኝም፣ አንብብልኝም አላልኩት።

ሕጉ በወጣ ሰሞን ጋዜጠኛው መጣ። የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ቁመናው ያማረ፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ወጣት። ካሜራ የተሸከመ ሌላ ሰው ከኋላው አለ። «ጋሼ፣ ሥራዎትን ለሕዝብ ልናስተዋውቅ ነው» አለኝ። ነገ እንመጣለን አሉኝ። በማግሥቱ የሠርጌን ኮት አወጣሁ። ሸምሱ በነጻ ላጨኝ፣ ሽቶም ረጨብኝ። ካሜራው ሲበራ ሁሉንም ተናገርኩ። እንዴት እንደምቀዳ፣ ማስታወቂያውን እንዴት እንደምቆርጥ፣ ቱላ ድረስ እንደምልክ። «ጥርሱን ሲነቅሉ ያሳዩን» አሉኝ። ቢላዬን አውጥቼ ነቀልኩላቸው። ካሜራው እጄ ላይ ቀረበ። ከዚያ ወደ ሸምሱ ቤት ተሻግረው ጥቂት አወሩ፤ ምን እንዳወሩ አልሰማሁም፣ ኮቴን እያራገፍኩ ነበር።

የሚተላለፍበትን ቀን ነግረውኝ ስለነበር በዚያ ምሽት መግቢያውን ነጻ አደረግኩት። ኦቾሎኒ አስቆላሁ። ፒያሳ የሚውል ሰው ሁሉ መጣ፤ ባለ ጋሪው፣ ባለ ሱቁ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሳይቀሩ። አዲስ፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ ካሴት ገዝቼ ዴኩ ውስጥ አስገባሁና የሁለት ሰዓት ዜና ሲጀምር ቀዩን ተጫንኩ። ልጆቼ ሲያድጉ የሚያዩት ነው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የኔ እጅ መጣ። እጄን አወቅኩት። ቢላው፣ ካሴቱ፣ ጥርሱ ሲሰበር። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ያ ቅቤ ምላስ። የሌላውን ላብ በስለት ስለሚነጥቁ ዘራፊዎች ይናገራል። ጭብጨባው ቀስ ብሎ ሞተ። ፊቴ መጣ፣ በሠርጌ ኮት፣ እየሣቅኩ «የቀረው ጮማ ብቻ ነው» ስል። ሌብነት የሚለው ቃል ፊቴ ላይ ነው ያረፈው። ከኋላ አንዱ ሣቀ፤ አንዱ ሲሥቅ ደግሞ ታውቃላችሁ። ተነሥቼ በጓሮ በር ወጣሁና ሽንት ቤቱ ግድግዳ ሥር ቆምኩ። ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነበር፤ ወለሉ ላይ የኦቾሎኒ ቅርፊት ብቻ። ዴኩ አሁንም ይቀዳል፣ የሳሙና ማስታወቂያ። አቆምኩት። ካሴቱን አውጥቼ፣ ቢላዬን አንሥቼ፣ ጥርሱን ነቀልኩት። እጄ ለምዶ ይሆናል። አላየሁትም፣ ክር አላሰርኩበትም፣ አላስጻፍኩበትም። ሣጥን ሥር ከተትኩት።

ከዚያ ጋዜጣው ወጣ። ባለ ሱቁ አምጥቶ ሰጠኝ፤ ፎቶዬ አለበት፣ ያው በኮቴ። ለሸምሱ ወሰድኩለት። መቀሱን አስቀምጦ ወደ ብርሃኑ ዞሮ ዘረጋው።

«ምን ይላል?»

«ቆይ ላንብበው።»

«ይሰድበኛል?»

«የለም» አለኝ። ከዚያ ማንበብ ጀመረ። ታታሪው የቪዲዮ ባለሙያ፣ ይላል። ከምንም ተነሥቶ ራሱን የቻለ፣ ይላል። ቴሌቪዥኑ ስለ እርሱ የተናገረው ስሕተት ነው፣ ሕዝቡ ምስጋናውን ያቀርባል፣ ይላል። በጣቱ መሥመሩን እየተከተለ፣ ሳይደነቃቀፍ አነበበልኝ። ሁለቴ አስነበብኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ትንሽ ይለያል፤ ያን ጊዜ ግን ጆሮዬ ደስታ ነው የሞላው። ጋዜጣውን መስታወት ቤት ወስጄ በወርቅማ ፍሬም አሠራሁትና ቪዲዮ ቤቴ መግቢያ ላይ፣ ገቢው ሁሉ በሚያየው ግድግዳ፣ ሰቀልኩት።

ሁለት ዓመት ተሰቅሎ ኖረ። ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ገብቶ ያየዋል፣ ከዚያ እኔን ያያል፣ ከዚያ መሬት ያያል። አንድ መምህር ካሴት ሊመልስ መጥቶ ረጅም ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ቆመ።

«ጋሽ ሌዳሞ፣ ይሄንን አውቀህ ነው የሰቀልከው?» አለኝ።

«አሳምሬ ነዋ። በኩራት ነው የሰቀልኩት።»

«ጀግና ነህ» አለኝ። እጄን ጨብጦኝ ሄደ። እኔም ጀግና ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ይሄንን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

ሕጉ ከወጣ በኋላ ፈቃድ ለማደስ ቅጽ ሙላ፣ እዚህ ፈርም ማለት በዛ። ጣቴን ቀለም እየነከርኩ መኖር ሰለቸኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ ለጎልማሶች ጠዋት ጠዋት ፊደል ያስተምሩ ነበርና ገባሁ። ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖህ ከአሮጊቶች ጋር «ሀ ሁ» ስትል ጉሮሮህ የራስህ አይመስልህም። ከስምንት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ክፍሌን ልከፍት ስገባ ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። ከፎቶዬ ሥር ያለችው መሥመር አጭር ናት። እስኪ ላንብባት አልኩ። «በ... አ... ዋ... ሳ።» ደስ አለኝ። «ፒ... ያ... ሳ።» የበለጠ ደስ አለኝ። «የ... ተ... ገ... ኘ... የ... ካ... ሴ... ት።» ከዚያ ሁለት ፊደል። ሁለቱንም በመጀመሪያው ወር ነው የተማርናቸው። ሦስት ጊዜ ቆጠርኳቸው። ሌ። ባ።

ፍሬሙን አወረድኩና ይዤው ወደ ሸምሱ ቤት ገባሁ። ሰው እያስተካከለ ነበር። መስታወቱ ውስጥ ፊቴን አየና መቀሱ ቆመ።

«ማንበብ ቻልክ?» አለኝ።

«ቻልኩ።»

«እሰየው» አለ። ግን ድምፁ የለም።

«ሁለት ዓመት መሣቂያ አድርገህ ሰቀልከኝ።»

«እኔ አልሰቀልኩህም። ኪስህ ታስቀምጠዋለህ ብዬ ነው። ፍሬም ታሠራለህ ብዬ አላሰብኩም።»

«ሳሠራውስ? ሰቅዬው ስታየውስ?»

«በየቀኑ ልነግርህ እመጣለሁ። አንተ ደግሞ በየቀኑ መስታወቱን ስትወለውል አገኝሃለሁ። ምን ልበልህ ሌዳሞ?»

ፍሬሙን መሬት ላይ ጣልኩት። የሚስተካከለው ሰውዬ ከነፎጣው ተነሣ። ሸምሱ ጎንበስ ብሎ ስባሪውን መልቀም ጀመረ፤ እኔ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ፀጉሬን ሌላ ሰው ነው የቆረጠው። በሳምንቱ ደግሞ ባለ ጋሪው፣ ነገር የሚያሞቅ ሰው ነው፣ መጥቶ እሳቱ ላይ ጋዝ ጨመረ። «ባንተ ላይ በቴሌቪዥንም ተናግሯል እኮ፤ አንተ ወጥተህ ነበር እንጂ። እሱ ማንበብ አይችልም አለ፣ በአገር ፊት።» በቃ። ከዚያ በኋላ ሸምሱ ሰላም ሲለኝ ወደ መንገዱ እዞራለሁ። አንድ ግድግዳ ተጋርተን አራት ዓመት ሳንነጋገር ዋልን። የሬዲዮኑ ድምፅ በግድግዳው በኩል ይመጣል፤ ሲስል ሲያስነጥስ እንኳ እሰማዋለሁ።

ሰው ሕጉ ነው ያጠፋህ ይለኛል። ሕጉ አይደለም። ጋዜጣና ሬዲዮ ያን ሰሞን ጮኸው ጮኸው ደከማቸውና ሌላ ወሬ ያዙ። ያጠፋኝ ዲሽ ነው። በየጣሪያው ዲሽ ሲተከል የኔን አሮጌ ድራማ ማን ይከራያል። ዛሬ ደግሞ ልጁ ሁሉ ፊልሙን በስልኩ ይጭናል፣ ለጓደኛው ይልካል፣ በፍላሽ ይገለብጣል፤ ማንም ካሜራ ይዞ እጁን አላነሣውም። እኔ ሌባ የተባልኩት ቀድሜ በመወለዴ ነው። ክፍሌን ዘጋሁ። የፒያሳ ኪራይ ሲወደድ ሸምሱም ቱላ ሄዶ ከቤቱ ፊት ወንበር ዘርግቶ ይሠራ ጀመር አሉ። ከሦስት ዓመት በፊት መሞቱን ሰማሁ። ለቅሶ ሄድኩ፤ ድንኳኑ ዳር፣ ከማያውቁኝ ሰዎች ጋር ተቀመጥኩ። ሚስቱ ሙና በሰው መሃል አሻግራ አየችኝ። ሳልናገራት ወጣሁ።

ልጅቷ በሳምንቷ መጣች። ካሴቶቹን በካርቶን አወጣሁላት፤ ስልሳ ያህል ቀርተዋል፣ ጥርሳቸው የተነቀለ ብቻ። ጎናቸው ላይ የሸምሱ ጽሕፈት አለ። እውነትም ያምራል። አንዱን አስገብቼ ስከፍትላት፣ መጋዘናቸው ውስጥ ያጡት ድራማ መጣ። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ወዲያው ስልኳን አውጥታ ለአለቃዋ «አለ! ሙሉው አለ» አለች። ከዚያ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ።

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኛል፣ ጋሼ። ላንብብልዎት?»

«አይ። ለኔ አይነበብልኝም።»

መነጽሬን አድርጌ እያንዳንዷን ቃል ጮክ ብዬ አነበብኩ። እኔ ዘግይቼ ስለተማርኩ ሳልዘል ነው የማነበው። ሦስተኛው መሥመር ላይ ደረስኩ። «ያለ ባለመብቱ ፈቃድ የተቀዱ መሆናቸውን አምኜ...»

«ይሄ ምንድነው?»

ፊቷ ቀላ። «የተለመደ ቅጽ ነው። ሁሉም ይፈርማል።»

«አውጪው።»

ደጅ ወጥታ ደወለች፣ ተመለሰች። «አይቀየርም አሉኝ።»

«እንግዲያው ሳልፈርም ውሰጂው።»

«ጋሼ፣ ያለ ፊርማ ከወሰድኩማ መስረቅ ይሆንብኛል።»

«ትለምጂዋለሽ» አልኳት።

አየችኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ካርቶኑን አቀፈች። ልትወጣ ስትል ሣጥኑ ሥር የቀረውን አየች፤ ክርም ጽሕፈትም የሌለውን።

«ይቺስ?»

«የእናንተው ዜና ነው ያለባት። ከፈለግሽ እይው።»

እሷን ላሳፍራት ብዬ ነው ያስገባሁት፤ እግዜር ያውቃል። እጄ መጣ። ቢላው መጣ። ፊቴ መጣ፣ ጥቁር ፀጉር፣ ሙሉ ጥርስ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እዚህ ጋ ነበር የወጣሁት። ዘንድሮ ግን ጉልበቴ ቶሎ አያስነሣኝምና ተቀምጬ ቀረሁ። ምስሉ ተቀየረ። ነጭ ጋዋን፣ ደረት ኪስ ውስጥ ማበጠሪያ። ሸምሱ። ጋዜጠኛው «ጎረቤትዎ የሚሠራው ወንጀል መሆኑን ያውቃሉ?» ይለዋል። ሸምሱ መቀሱን እንደያዘ ወደ ካሜራው ዞረ።

«እሱ ማንበብ አይችልም» አለ። «እኔ ማንበብ እችላለሁ፣ ሕጉን ግን አላነበብኩለትም። አጥፊ ከፈለጋችሁ እኔን ያዙኝ። እሱ ሌባ አይደለም።»

ከዚያ የሳሙና ማስታወቂያ መጣ።

ልጅቷ ቀስ ብላ «ይሄ ዜና እኛ ጋ የለም» አለች። «ይሄንን ብናገኝ...»

«ይቺን አትወስጂም» አልኳት። ካርቶኑን ብቻ አቅፋ ወጣች።

በማግሥቱ ዴኩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በባጃጅ ቱላ ሄድኩ። ባለ ባጃጁ በመስታወቱ እያየኝ «አባት፣ ምንድነው እሱ፣ ምጣድ ነው?» አለኝ። ጠበቅ አድርጌ አቀፍኩት። የሸምሱን ቤት ጠይቄ አገኘሁት፤ የፀጉር ቤቱ ወንበር አሁንም በረንዳው ላይ አለ፣ ዶሮ ተኝታበታለች። ሙና ወጣች። አርጅታለች፤ እኔም ለሷ እንዲሁ።

«ሌዳሞ» አለችኝ። «ያቀፍከው ምንድነው?»

«ዴክ ነው። አንቺ ጋ አይኖርም ብዬ።»

የዲሹን ገመድ ነቀለችልኝ፣ የኔን ሰካሁ። ሽታው ቤቱን ሞላው። የኔ ፊት መጥቶ አለፈ። ሸምሱ ሲመጣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ንግግሩ አለቀ፣ ሳሙናው መጣ፣ አቆምኩት። ይቅርታ ለማለት ነበር የመጣሁት፤ አማርኛውም ሲዳምኛውም ጠፋኝ።

«አላየሁትም ነበር፣ ሙና። እስከ ትናንት አላየሁትም።»

«አውቃለሁ» አለች። «ሸምሱን፣ ሂድና ንገረው፣ በቴሌቪዥን እንዲህ ብዬልሃለሁ በለው እለው ነበር። የለም ይለኛል። ከኔ አፍ ቢሰማው አያምነኝም፣ አንዴ ዋሽቼዋለሁ። ካሴቱ እሱ ጋ አለ፣ ጥርሱን ሳይነቅለው አይቀርም፣ አይጠፋም፤ አንድ ቀን ያየዋል ይለኝ ነበር።»

ከዚያ እጇን ወደ ዴኩ ዘረጋች።

«ወደ ኋላ መልሰው እስቲ» አለችኝ።

መለስኩት።